መልስ፦ ካናፋኒ ጋዜጠኛ ነው ደራሲ?

ወንድሜ፣ ጋሳን ካናፋኒ ጋዜጠኛ ነው ወይስ ደራሲ ላልከው፣ ሁለቱንም ነው። በ1936 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ፍልስጤም፣ አካ ተወለደ። በ1948 ቤተሰቡ ተሰደደ። ኩዌት አስተማረ፣ ከ1960 ወዲህ ቤይሩት ጋዜጦች ላይ ሠራ። በ1969 የፍልስጤም ሕዝባዊ ግንባር የተባለውን የግራ ክንፍ ታጣቂ ድርጅት ሳምንታዊ መጽሔት «አል ሃደፍ»ን መሠረተ፤ የግንባሩ ቃል አቀባይም ነበር።

ለማንበብ ከ1963ቱ ልብ ወለዱ «ሰዎች በፀሐይ ውስጥ» ጀምር። አጭር ናት፣ ግን እንቅልፍ ትነሳለች። ሦስት ፍልስጤማውያን ባዶ የውሃ ቦቴ ውስጥ ተደብቀው ከኢራቅ ወደ ኩዌት ይጓዛሉ። ኬላ ላይ ሠራተኞቹ ሹፌሩን በወሬ ያዙት። ሦስቱ ቦቴው ውስጥ በሙቀት አለቁ። «ግድግዳውን ለምን አላንኳኳችሁም?» ይላል ሹፌሩ በመጨረሻ። የበረሃ ስደት ወሬ ለሰማን ለእኛማ አይጣል ነው።

ጁላይ 8 ቀን 1972 ቤይሩት ውስጥ መኪናው ላይ በተጠመደ ቦምብ ከእህቱ ልጅ ጋር ተገደለ። ገና 36 ዓመቱ ነበር።