ለ1.50 አልጋ የዋንዛ ራስጌ፦ ጣውላው፣ ልኩና አያያዙ

ሰላም እህቴ። ራስጌ ለሌለው የ1.50 አልጋ ምን ያህል ዋንዛ ልግዛ፣ ጣውላዎቹን በኮላ አጣብቄ አንድ ሰሌዳ ላድርጋቸው ወይ፣ አከራዬ ግድግዳ መብሳት ስለማይፈቅዱ በምን ላቁመው ብለሻል። ከሦስቱም የሚቀድመው ግን የጣውላው መድረቅ ነው። ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ የምታይው ራስጌ አብዛኛው እርጥብ እንጨት ላይ የተሠራ ነው።

ዋንዛ መምረጥሽ ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይመቻል፣ በደንብ ከደረቀ ብዙም አይጣመምም። ባህር ዛፍ በዋጋው ያጓጓል፤ ሲደርቅ ግን ስለሚሰነጠቅና ስለሚጠማዘዝ ፊት ለፊት ለሚታይ ሥራ አልመክረውም። ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት የመሰለ ብናኝ ያለበትን ጣውላ ዋጋው ምንም ቢሆን አትውሰጂ፤ ነቀዝ ገብቶበታል፣ ቤት ውስጥም መብላቱን ይቀጥላል።

«ደርቋል» የማይል ሻጭ የለም። 2.5 ሳንቲም ውፍረት ያለው ጣውላ ጥላ ውስጥ፣ አየር እንዲያልፍበት ተደርድሮ ለመድረቅ እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ራስሽ መዝኚ። ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያሳስትሻል፤ ከጫፉ 30 ሳንቲም ገባ ብለሽ ትንሽ ቁራጭ አስቆርጪ። መዝነሽ ከ100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አቆዪው። 500 ግራም የነበረው 440 ላይ ከቆመ የጠፋው ውሃ 60 ግራም ነው፤ 60ን ለ440 ስታካፍይ 13.6 በመቶ ይሆናል፣ ለቤት ዕቃ ይሆናል። 20 ከመጣ ጣውላውን ግዢና መኝታ ቤት ውስጥ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያደረግሽ ደርድሪው፤ ቁጥሩ ሳይወርድ መጋዝ አታንሺ። ኦቨን ከሌለሽ ቁራጩን ቤት አስቀምጠሽ በየሁለት ቀኑ መዝኚው፤ ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ ገና ነው።

ልኩን ከፍራሹ አትውሰጂ፤ የአልጋውን የውጭ ስፋት ለኪ። 155 ከሆነ ራስጌውን 160 አድርጊው። የሚያስፈልግሽ 13 ሳንቲም ስፋት፣ 2.2 ውፍረት፣ 165 ርዝመት ያለው 5 ጣውላ ነው፤ አንድ መጠባበቂያ ጨምሪበት። ለሁለቱ እግሮችና ለመሀል ማያያዣው 10 በ4 የሆነ እንጨት ግዢ። ጣውላዎቹ አግድም አንዱ ከአንዱ በላይ ሲደረደሩ በመካከላቸው ከሚተወው ክፍተት ጋር ከፍታቸው 66 ሳንቲም ይሆናል። የታችኛው ጣውላ ከፍራሹ አናት 5 ሳንቲም ዝቅ ይበል፣ አለዚያ ትራሱ በስር ይሾልካል። ፍራሽሽ ከወለል 55 ላይ ካለቀ እግሩ 116 ይሆናል ማለት ነው።

አጣብቄ አንድ ሰሌዳ ላድርገው ላልሽው፣ ባታጣብቂው እመርጣለሁ። እንጨት በርዝመቱ አይሳብም፤ በስፋቱ ግን ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰበሰባል። 66 ሳንቲም የሆነ አንድ ሰሌዳ ከግማሽ ሳንቲም በላይ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ እግሩ ላይ ጠብቆ ከታሰረ መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። አምስቱን ለየብቻ አድርገሽ በመካከላቸው 3 ሚሊ ክፍተት ብትተዪ የእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከአንድ ሚሊ ብዙ አይዘልም። ክፍተቱን እኩል ለማድረግ 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ካርቶን በየመሀሉ አስገቢ።

ምስማሩን ተዪው፤ ሰው በተደገፈ ቁጥር እየላላ ይወጣል። ከጀርባ በኩል በ4 ሚሊ የእንጨት ብሎን እሰሪው፤ በእያንዳንዱ መገናኛ ሁለት፣ በጠቅላላው 30። እግሩ ላይ መጀመሪያ በ10 ሚሊ መሰርሰሪያ 1 ሳንቲም ጠልቀሽ ብሎኑ የሚቀበርበትን አዘጋጂ፣ ቀጥሎ 4.5 ሚሊ ቀዳዳ እስከ ወዲያ አሳልፊ። ጣውላው ላይ 3 ሚሊ ይበቃል፣ ጥልቀቱም ከ1.5 ሳንቲም አይለፍ። የብሎኑ ርዝመት 4.5 ሳንቲም ነው፤ 5.5 ብትገዢ በፊት በኩል ብቅ ይላል። የእግሩ ቀዳዳ ከጠበበ ብሎኑ ሁለቱንም እንጨት ይነክስና ምንም ብታጠብቂው መሀላቸው ያለው ክፍተት አይዘጋም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ብርጭቆ ወረቀቱን በ80 ጀምረሽ በ120፣ ከዚያ በ180፣ ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ። መብራት አጥፍተሽ የስልክሽን ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርገሽ አብሪበት፤ የቀረው ጭረት ሁሉ ጥላ ይጥላል። ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ከማየት ያኔ ማየት ይሻላል። የመጀመሪያውን ቅብ በቲነር አቅጥኚው፣ ሲደርቅ በ320 ዳበስ አድርገሽ ሁለት ድገሚ። የራስ ቅባትና ቅቤ ያልተቀባ እንጨት ውስጥ ይሰርጋል፣ ስለዚህ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ጀርባውንም ቅቢ፤ አንድ ፊቱ ብቻ የተቀባ ጣውላ እርጥበት በአንድ ወገን እየሳበ ይጎብጣል። ሽታው ሳይወጣ አትተኚበት።

ግድግዳ መብሳት አያስፈልግሽም። እግሮቹ ወለል ላይ ይቁሙ፤ ከታች ግን የዞኮሎውን (በግድግዳው ግርጌ የሚሄደውን ጠርዝ) ከፍታና ውፍረት ያህል ከጀርባቸው ቁረጪ፣ አለዚያ ራስጌው ከግድግዳው ይርቃል። ከአልጋው ፍሬም ጋር በ8 ሚሊ ብሎን፣ በየእግሩ ሁለት፣ በሁለቱም ወገን ሮንዴላ (ብሎኑ የሚያልፍበት ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) አድርገሽ እሰሪው። እግሩ ላይ ያለውን ቀዳዳ 10 ሚሊ ብታደርጊው ለማስተካከል ቦታ ይሰጥሻል። እግሩና ፍሬሙ በሚነካኩበት ላይ ከአሮጌ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቁራጭ አድርጊ፤ ሌሊት የሚሰማው ሲጥ ሲጥ ከዚያ መፋተግ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አራቱንም ብሎን እንደገና አጥብቂ፤ እንጨቱ ሮንዴላው ስር ትንሽ ስለሚረግብ መጀመሪያ ያጠበቅሽው ይላላል።