«ጥሩው» ኮሌስትሮል ሲበዛ «መጥፎውን» ያካክሳልን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው። በቅርቡ ባደረግሁት የደም ምርመራ «መጥፎው» ኮሌስትሮል የሚባለው ኤልዲኤል 172፣ «ጥሩው» የሚባለው ኤችዲኤል ደግሞ 81 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሜ ስታቲን የተባለውን ኤልዲኤል የሚቀንስ መድኃኒት እንድጀምር ቢያዝልኝም፣ አንዲት ወዳጄ «ጥሩው ከበዛ መጥፎውን ጠርጎ ስለሚያወጣው መድኃኒት አያስፈልግሽም» ትለኛለች። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የሐኪምዎን ይስሙ። ስብ በውሃ ስለማይሟሟ በደም ውስጥ የሚጓዘው ፕሮቲን በለበሱ ጥቃቅን እንክብሎች ተጭኖ ነው። አፖ ቢ የተባለውን ፕሮቲን የለበሰው ኤልዲኤል በደም ውስጥ ሲበዛ በደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ ቧንቧውን የሚያጠብበው የስብ ክምችትም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ኤችዲኤል በበኩሉ፣ አፖ ኤ-1 በተባለው ፕሮቲኑ አማካይነት፣ በግድግዳው ካሉት ሕዋሳት ትርፍ ኮሌስትሮል ተቀብሎ ወደ ጉበት ይመልሳል። ስለዚህ የወዳጅዎ አባባል መነሻ አለው፤ ስሕተቱ ቁጥሩ ከፍ ካለ ሥራውም የዚያኑ ያህል ይሠራል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው።

በጣሊያን፣ በጋርዳ ሐይቅ ዳር ያለችው ሊሞኔ መንደር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። ቼዛሬ ሲርቶሪ የተባሉት የሚላኖ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመረመሩት የመንደሩ ተወላጅ፣ ኤችዲኤሉ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ የደም ቅዳ ሕመም ምልክት አልታየበትም። ምክንያቱ ሲፈለግ በአፖ ኤ-1 ፕሮቲኑ ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣት) ተለውጣ ተገኘች፤ ይኸው ለውጥ በዘር ወርዶ በሌሎች የመንደሩ ሰዎችም ላይ ታይቷል።

በአንጻሩ ቶርሴትራፒብ የተባለው መድኃኒት ኤችዲኤልን በ70 ከመቶ ገደማ ቢጨምርም፣ ከ15,000 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ሞት በመብዛቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋረጠ። መድኃኒቱ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርግ ስለነበር ጥፋቱን ከኤችዲኤል ጋር ብቻ ማያያዝ አይገባም፤ ሆኖም ከእርሱ በኋላ የተሞከረው ዳልሴትራፒብም ኤችዲኤልን ጨምሮ ሳለ ድንገተኛ የልብ ሕመምን አልቀነሰም። ኤልዲኤልን ዝቅ የሚያደርጉት ስታቲኖች ግን ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንደሚቀንሱ በተደጋጋሚ በሙከራ አስመስክረዋል።

ስለዚህ የእርስዎ 81 ያንን 172 አይሰርዘውም። ሐኪምዎ መድኃኒቱን ሲያዝዙ የደም ግፊትዎንና የስኳር መጠንዎን፣ ሲጋራ ያጨሱ እንደሆነም ጭምር አመዛዝነው ይሆናል፤ የአፖ ቢ ምርመራ በአቅራቢያዎ የሚገኝ ከሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው። ቅቤም ኤልዲኤልን ከፍ ስለሚያደርግ ከወጥዎ ላይ ይቀንሱ። ስታቲኑን ከጀመሩ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራውን ይድገሙ፤ ውጤቱ ሲመጣም አስቀድመው የኤልዲኤሉን ቁጥር ይመልከቱ።