ታጋይ ሲወደድ ትኬት ይወደዳል?

ጥያቄ፦ የሬስሊንግ ድርጅት የማስተዳደር የኮምፒውተር ጨዋታ እጫወታለሁ። ድርጅቴ በፊላደልፊያና በአካባቢዋ መልካም ስም ያተረፈ፣ ከዚያ አልፎ ግን ብዙም የማይታወቅ አነስተኛ ድርጅት ነው። 1,200 ሰው በሚይዘው አዳራሽ ትኬቱን በ15 ዶላር ስሸጥ 900 ያህል ተመልካች ይገባልኛል። በቅርቡ ሁለት ታዋቂ ታጋዮችን በከፍተኛ ደመወዝ ስላስፈረምኩ ወጪዬን ለማካካስ ዋጋውን ደረጃ በደረጃ ጨመርኩ፤ በ20 ዶላር 740፣ በ25 ዶላር 520፣ በ30 ዶላር ደግሞ 340 ሰው ብቻ ገባ። ትክክለኛው ዋጋ የትኛው ነው? ደግሞስ አዳራሹ ሞልቶ እንዲታይ ሰዉን በነጻ ማስገባት ያዋጣል?
ሳ. ተ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ በመጀመሪያ ዋጋውን ለመጨመር ያነሳሳዎትን ምክንያት እንመልከት፤ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። የታጋዮቹ ደመወዝም ሆነ የአዳራሹ ኪራይ 900 ሰው ቢገባም 340 ሰው ቢገባም ያው የሚከፈል ነው። ስለዚህ የደመወዙ መጠን ታጋዮቹን ማስፈረም ያዋጣ ነበር ወይስ አላዋጣም የሚለውን ይነግርዎታል እንጂ የዚያን ምሽት ትኬት በስንት እንደሚሸጡ አይነግርዎትም። ትኬት ገዢው የእርስዎን የሒሳብ መዝገብ አያይም፤ የሚያየው በዚያ ምሽት ማን ከማን ጋር እንደሚታገል ነው። ውድ ታጋይ የትኬት ዋጋን ከፍ ሊያደርግ የሚችለው የከተማው ሰው ሊያየው ሲጓጓ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ነገር ቢያጣሩ መልካም ነው። በዚህ ዘርፍ ስመ ጥር በሆነው፣ እንግሊዛዊው አዳም ራይላንድ በሠራው ቶታል ኤክስትሪም ሬስሊንግ በተሰኘው ተከታታይ ጨዋታ የድርጅትም ሆነ የታጋይ ዝና በየአካባቢው ለየብቻ ይለካል፤ በሜክሲኮ ስሙ የገነነ ታጋይ በፊላደልፊያ ጎዳና ላይ ዞር ብሎ የሚያየው ላይኖር ይችላል። እርስዎ የሚጫወቱት ጨዋታም በዚህ መንገድ የሚሠራ ከሆነ፣ ያስፈረሟቸው ሁለቱ ሰዎች ዝናቸው የት እንደሆነ ይመልከቱ። ዝናቸው ሌላ አገር ከሆነ የከፈሉት ገንዘብ በዚያ አዳራሽ አንዲት ወንበር እንኳ ላይሞላልዎት ይችላል።

ወደ ቁጥሮቹ ስንመለስ፣ የላኩልን አኃዝ ራሱ መልሱን ይዟል። በ15 ዶላር የመግቢያ ገቢዎ 13,500፣ በ20 ዶላር 14,800፣ በ25 ዶላር 13,000፣ በ30 ዶላር ደግሞ 10,200 ዶላር ነው። ከ15 ወደ 20 ሲወጡ 160 ተመልካች አጥተው 1,300 ዶላር አተረፉ፤ ከ20 ወደ 25 ሲወጡ ግን 220 ተመልካችም 1,800 ዶላርም አጡ። እንግዲህ በመግቢያ ገቢ ብቻ ከታየ ዋጋዎ 20 ዶላር ገደማ ነው።

ሆኖም ተመልካች ገንዘብ የሚያወጣው በር ላይ ብቻ አይደለም። ጨዋታው የቲሸርትና የፖስተር ሽያጭን ከተመልካች ቁጥር ጋር አያይዞ የሚያሰላ ከሆነ፣ እያንዳንዱ የቀረ ሰው ሊገዛው የነበረውንም ይዞ ይቀራል። በእርስዎ አኃዝ መሠረት አንድ ተመልካች ውስጥ ገብቶ በአማካይ 5 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ 20 ዶላሩ አሁንም ይሻላል፤ 9 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ ግን የቀሩት 160 ሰዎች 1,440 ዶላር ስለሚያሳጡዎት የቀድሞው 15 ዶላር ይበልጣል። ብዙ ተጫዋቾች ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ ከሌላ ተጫዋች የሰሙትን ዋጋ ይገለብጣሉ፤ የሌላው ሰው ድርጅት፣ ከተማና አዳራሽ ግን የእርስዎ አይደለም።

ሙከራውን ሲያደርጉም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አራቱን ዋጋዎች በአራት የተለያዩ ምሽቶች ሞክረው ከሆነ፣ ለውጡ የመጣው ከዋጋው ይሁን ከግጥሚያዎቹ ዝርዝር መለየት አይቻልም። ከዝግጅቱ በፊት ጨዋታውን ሴቭ አድርገው፣ ያንኑ ምሽት በአንዱ ዋጋ ደጋግመው ካዩ በኋላ ወደ ሌላው ይለፉ።

አዳራሹንም አብረው ያስቡበት። ዋጋው 20 ዶላር ሆኖ 740 ሰው የሚመጣ ከሆነ 1,200 ሰው የሚይዝ አዳራሽ መከራየት ባዶ ወንበር መከራየት ነው፤ 800 ሰው የሚይዝና ኪራዩ የረከሰ አዳራሽ ካለ ትርፉ ያለው እዚያ ነው። የእርስዎ ድርጅት በተተከለባት በዚያችው ፊላደልፊያ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢሲደብልዩ የተባለው የሬስሊንግ ድርጅት ስሙን የገነባው በግዙፍ ስታዲየም ሳይሆን ለቢንጎ ጨዋታ በሚያገለግል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጠባቡ ቦታ ጢም ብሎ ሲሞላ የተመልካቹ ጩኸት በቴሌቪዥን ጭምር ይሰማ ነበር። በተቃራኒው ግን፣ ትኬቱ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ ዋጋው ገበያው ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ታጋዩ ኮዲ ሮድስና ያንግ በክስ የተባሉት ወንድማማች ታጋዮች በቺካጎ አቅራቢያ ያዘጋጁት ኦል ኢን የተሰኘ የሬስሊንግ ዝግጅት ከ10 ሺህ የሚበልጥ ትኬት በግማሽ ሰዓት ገደማ ሸጦ ጨርሷል። በገቢ ረገድ ብቻ ካየነው የበለጠ ማስከፈል ይቻል ነበር ያሰኛል፤ የእነርሱ ዋነኛ ዓላማ ግን ከትልቁ የሬስሊንግ ድርጅት ከደብልዩደብልዩኢ ውጭ ያለ ዝግጅት 10 ሺህ ሰው መሳብ አይችልም የሚለውን አስተያየት ማፍረስ ስለነበር፣ የፈለጉትን አግኝተዋል። በእርስዎ ጨዋታም የተመልካች ቁጥር ራሱን ችሎ የድርጅቱን ዝና የሚያሳድግ ከሆነ፣ ጥቂት ገቢ መተው ስሌት ሊሆን ይችላል።

በነጻ ስለማስገባት ለጠየቁት፦ ይህንን በእውኑ ዓለም የሞከሩት አሉ። ቲኤንኤ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለዓመታት ሳምንታዊ ዝግጅቱን በኦርላንዶ በዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ግቢ ውስጥ ሲቀርጽ ተመልካቹ የሚገባው በነጻ ነበር። ድርጅቱ ገቢውን ከመግቢያ ሳይሆን ከቴሌቪዥኑ ወገን ይጠብቅ ስለነበር አካሄዱ ትርጉም ነበረው። የእርስዎ ድርጅት ግን የቴሌቪዥን ውል እንዳለው በጥያቄዎ አልገለጹም፤ ከሌለው የመግቢያ ገቢው ዋነኛ መተዳደሪያው ነውና በፊላደልፊያ በሩን በነጻ ይክፈቱ ብለን አንመክርም፤ 15 ዶላር መክፈል የለመደ ሰው በነጻ ከገባ በኋላ መልሶ ማስከፈል አስቸጋሪ ነው። እንደ ኦሃዮ ባለ ማንም በማያውቅዎት ክፍለ ግዛት የመጀመሪያ ዝግጅት ሲያቀርቡ ግን ነገሩ ይለያል፤ እዚያም ቢሆን ትንሽ አዳራሽ ይዘው 5 ዶላር ቢያስከፍሉ፣ የከተማው ሰው ለድርጅትዎ ገንዘብ የማውጣት ፍላጎት እንዳለው ከመጀመሪያው ምሽት ማወቅ ይችላሉ።