ለሶፍትቦል ልጆቻችሁ የትኛው ባት ይምጣላችሁ?

ውድ መምህርት፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብሁት። በአሜሪካ የሚኖሩት ወንድምዎ ለፋሲካ ሲመጡ፣ እዚህ ጎንደር ለሚያሠለጥኑት የሴት ልጆች የፋስትፒች ሶፍትቦል (በፍጥነት የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ቡድን ጥሩ ኮምፖዚት ባት (ከካርቦን ፋይበርና ከሙጫ የተሠራ የኳስ መምቻ ዱላ) ሊያመጡላችሁ ቃል ገብተዋል፤ እርስዎም ርዝመቱና ክብደቱ ስንት ይሁን፣ ከአሉሚኒየሙስ በእርግጥ ይሻላል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት ሜሪላንድ ስኖር ልጄ ይህንኑ ጨዋታ ለዓመታት ስትጫወት፣ የቡድኑን ባቶች የመያዝና የመንከባከብ ኃላፊነት የእኔ ስለነበር በእጄ ከያዝሁትና በዓይኔ ካየሁት ተነሥቼ እመልስልዎታለሁ።

አስተያየቴን አስቀድሜ ልናገር። የተያዘው ገንዘብ አንድ ባት ብቻ የሚገዛ ከሆነ አሉሚኒየም ይምጣላችሁ፤ ከዚያ በላይ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ለልምምድ ሁለት ወይም ሦስት አሉሚኒየሞች፣ ለግጥሚያ ብቻ የሚወጣ አንድ ኮምፖዚት ይምጣ። ይህን የምለው ኮምፖዚት መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ኳሱ በትክክለኛው ቦታ ላይ ሲያርፍ እጅን ሳይነዝር የሚወጣው ምት ለአንዲት ልጅ ምን ያህል ድፍረት እንደሚሰጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ነገር ግን ኮምፖዚት በባሕርይው የአንድ ተጫዋች ዕቃ ነው። ቡድኑ በሙሉ እየተቀባበለ በየልምምዱ የሚመታበት ከሆነ ዕድሜው አጭር ይሆናል፤ ሲሰነጠቅም የሚጠገን ነገር አይደለም።

ምክንያቱ ያለው አሠራሩ ውስጥ ነው። የኮምፖዚት ባት ግድግዳ በሬዚን ሙጫ የተነከረ የካርቦን ፋይበር እየተነባበረ የሚሠራ ነው። ኳሱ ሲያርፍበት ግድግዳው ለቅጽበት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይመለሳል፤ ኳሱን የሚያስፈነጥረውም ይኸው መመለሱ ነው። አዲስ ሲሆን ንብርብሮቹ ግትር ስለሆኑ ባቱ ያን ያህል አይመታም፤ እንደ አዲስ ምጣድ ማሟሸት ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 200 የሚደርስ ምት ከተመታበት በኋላ ይለሰልስና ኃይሉን ሁሉ ያወጣል፤ ይሁን እንጂ ያው መለስለስ ሲቀጥል ንብርብሮቹ እርስ በርሳቸው መላቀቅ ይጀምራሉ። ስለዚህ ባቱ ከሁሉ አብልጦ የሚመታበት ጊዜና መሰንጠቅ የሚጀምርበት ጊዜ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። አሉሚኒየም ግን ከማሸጊያው እንደወጣ ለጨዋታ ይሆናል፤ ሲጎዳም አብዛኛውን ጊዜ ጎድጎድ ይላል እንጂ በድንገት አይሰነጠቅም።

ሁለተኛው ምክንያት የከተማችን ብርድ ነው። አምራቾች ኮምፖዚት ባት ከ60 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ15 ወይም 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ አየር ውስጥ እንዳይመታበት ያስጠነቅቃሉ፤ በብርድ ጊዜ ሬዚኑ ተሰባሪ ይሆናል፣ ኳሱም ራሱ ይጠነክራልና። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ያ ልክ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ አይጠፋውም። ሜሪላንድ ውስጥ፣ የክረምቱ ብርድ ገና ባልለቀቀበት በአንድ የመጋቢት ጠዋት፣ ከልጄ የቡድን ጓደኞች የአንዷ ባት በአንድ ምት ብቻ ድምፁ ተለወጠ። ጥርት ያለው ድምፅ ጠፍቶ የታፈነና ውስጡ የሚንኳኳ ድምፅ ተተካ። ባቱን ወደ ብርሃን አዙረን ጥፍራችንን በላዩ ስንጎትት፣ ዓይን በደንብ የማያያት ቀጭን ስንጥቅ ጥፍራችንን ያዘችው። እናንተም ልምምዳችሁን በማለዳ የምታደርጉ ከሆነ በዚያ ሰዓት የሚያዘው አሉሚኒየም ብቻ ይሁን፤ ኮምፖዚቱ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ይውጣ። በነገራችን ላይ ይኸው ከፍታችን አንድ በጎ ነገርም አለው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ የተመታ ኳስ ከቆላ ይልቅ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ርቀት ለመጨመር ተብሎ ብዙ ገንዘብ ማውጣት እዚህ ያን ያህል አያስፈልግም።

አሁን ወደ ርዝመቱና ክብደቱ ልግባ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ከፍ ባለ ዕድሜ የሚገኙ ሴቶች በሚጫወቱበት ሜዳ ወርዋሪዋ የምትቆመው ከመቺዋ 43 ጫማ፣ ማለትም 13 ሜትር ያህል ርቃ ነው። በሰዓት 60 ማይል የሚበር ኳስ ያንን ርቀት ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። በዚህች ጊዜ ውስጥ ልጅቱ ኳሱን ማየት፣ መወሰንና ባቱን አምጥታ ማድረስ አለባት። ስለዚህ ልጅቱ በቀላሉ የማትወዘውዘው ባት የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ኳሱ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ባት ነው። ልጄ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ለዕድገቷ ይሁን ተብሎ 33 ኢንች የሆነ ባት ተሰጥቷት ነበር፤ ምቶቿ ሁሉ ዘግይተው ወደ ቀኝ መስመር ይወጡ ነበር። አሠልጣኟ ወደ 31 ኢንች ባወረደቻት ሳምንት ኳሱን ከፊቷ ማግኘት ጀመረች።

ክብደቱ በአሜሪካ የሚገለጸው በልዩነት ነው። ባቱ 32 ኢንች ሆኖ ክብደቱ 22 አውንስ ከሆነ ልዩነቱ 10 ነው፤ በባቱ ላይም ከ10 ፊት የመቀነስ ምልክት ተደርጎ ይጻፋል። ይህ በእኛ መለኪያ ርዝመቱ 81 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ 624 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ባቱ ይቀላል፤ 8 የሚለው ለጠንካራና ልምድ ላላት፣ 11 እና 12 የሚሉት ደግሞ ለትናንሾቹና ለጀማሪዎቹ ናቸው። አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት ለሆናቸው፣ ገና ለጀመሩ ልጆች አንድ ባት ብቻ ምረጥ ብባል 31 ወይም 32 ኢንች፣ ልዩነቱ ከ10 እስከ 11 የሆነውን አስመጣ ነበር። ወንድምዎ ከመግዛታቸው በፊት እርስዎ ልጆቹን እንዲህ ይለኩልኝ፤ ልጅቱ ቀጥ ብላ ትቁምና ባቱ የሚያህል እንጨት ከጎኗ መሬት ላይ ይቁም፤ ክንዷን ወደ ታች ስትዘረጋ መዳፏ የእንጨቱን ጫፍ ከነካ ርዝመቱ ተስማሚ ነው። ለክብደቱ ደግሞ እንጨቱን በደካማ እጇ ከእጀታው ጫፍ ይዛ ወደ ጎን ትዘርጋው፤ ለ30 ሰከንድ ያህል ክንዷ ሳይወርድ ከቆየች ትችለዋለች። የሚጠቀሙበት እንጨት 600 ግራም ገደማ እንዲሆን በሱቅ ሚዛን ማስመዘን ነው።

የክብደቱ አቀማመጥም ይለያያል። ክብደቱ ወደ ጫፉ ያደላ ባት ጡንቻዋ ለጠነከረ መቺ ይጠቅማል፤ ለእናንተ ግን ክብደቱ እኩል የተደላደለው ይሁን። እጀታውና መምቻው ለየብቻ ተሠርተው የተገጣጠሙበት ዓይነት፣ ኳሱ ከትክክለኛው ቦታ ውጭ ሲያርፍ እጅን የሚነዝረውን ንዝረት ስለሚቀንስ፣ በንዝረቱ ፈርተው ባቱን ለሚያላሉ ጀማሪዎች እመርጠዋለሁ።

በሱቁ ውስጥ ወንድምዎ ሊሳሳቱ የሚችሉበት ዋና ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ስሎውፒች የሚባል፣ ኳሱ በቀስታ ከፍ ተደርጎ የሚወረወርበት ሌላ ሶፍትቦል አለ፤ ባቶቹ ከውጭ ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ክብደታቸው ግን ብዙውን ጊዜ ከ26 እስከ 30 አውንስ ስለሆነ ለልጆቻችሁ ፈጽሞ አይሆኑም። በባቱ ላይ ፋስትፒች የሚለው ቃል መኖሩን ይመልከቱ። የቤዝቦል ባትም አይሆንም፤ በሶፍትቦል ደንብ የባቱ ወፍራም ክፍል ስፋት ከ2.25 ኢንች፣ ርዝመቱም ከ34 ኢንች ማለፍ የለበትም። የዩኤስኤ ሶፍትቦል (ጨዋታውን በአሜሪካ የሚያስተዳድረው አካል) ማኅተም ያለበት ቢሆን ደግሞ ኋላ ላይ በውድድር ጥያቄ አይነሣበትም። ዲማሪኒ፣ ኢስተን፣ ሉዊቪል ስላገር፣ ራውሊንግስና ሚዙኖ ሁሉም ጥሩ ይሠራሉ፤ በስሞቹ መካከል ለመምረጥ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። የዘንድሮው ሞዴል ከ300 እስከ 500 ዶላር ሊያወጣ ይችላል፤ ያለፈው ዓመት ሞዴል ግን በጣም ወርዶ ይገኛል፤ ልጆቹም ልዩነቱን አያውቁትም። በኢንተርኔት ከማይታወቅ ሻጭ በርካሽ የሚቀርበውን ይተዉት፤ የውድ ባቶች አስመስሎ ሥራ ብዙ ነው። ያገለገለ ኮምፖዚትም አይግዙ፤ ስንት ጊዜ እንደተመታበት ከውጭ አይታይም።

ባቱ ሲደርስ የማሟሸቱን ሥራ ለልጆቹ ጨዋታ አይተዉት፤ እርስዎ ቆመው ያሠሩት። በመጀመሪያዎቹ 50 ምቶች ኳሱ ማስቀመጫ ላይ ሆኖ ወይም ከቅርብ በቀስታ ተወርውሮ በግማሽ ኃይል ይመታ፤ ቀጥሎ ኃይሉ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ባቱ በእጅ ውስጥ ሩብ ዙር ይዙር፤ ይህ ካልተደረገ አንዱ ጎን ብቻ ለስልሶ ከዚያው ይሰነጠቃል። የሚመታውም እውነተኛ የሶፍትቦል ኳስ ብቻ ይሁን። በክረምት ጭቃ ውስጥ ውሃ የጠጣ ኳስ፣ በመወርወሪያ ማሽን የሚጣለው ጎድጓዳ ነጠብጣብ ያለበት ጠንካራ የላስቲክ ኳስ፣ ከዚያም በላይ ልጆች ሲሰለቹ የሚመቱት ጠጠር ኮምፖዚትን ይገድሉታል። ጫማ ላይ የተጣበቀን ጭቃ በባቱ መትቶ ማራገፍም ክልክል ይሁን። በየግጥሚያው ማግስት በደረቅ ጨርቅ ወልውለው፣ ጥፍርዎን ከላይ እስከ ታች ይጎትቱበት፤ ስንጥቅ ከተሰማዎት ያ ባት ዳግመኛ ሜዳ አይግባ፤ በምት መካከል ሊሰበርና የተሰበረው ክፍል ተወርውሮ ሰው ሊጎዳ ይችላልና።

ለወንድምዎም ሁለት ነገር ይንገሩልኝ። ባት በአውሮፕላን ውስጥ በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም፤ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ በሰያፍ ተጋድሞ፣ በልብስ ተጠቅልሎ መግባት አለበት። ደረሰኙንም አይጣሉት፤ የብዙዎቹ ዋስትና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ስለሆነ፣ ባቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢሰነጠቅ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ሰው ይዞት ሄዶ በወንድምዎ በኩል ሊቀየር ይችላል። የልጆቹን ቁመት ለክተው ከጻፉልኝ ለየትኛዋ የትኛው ርዝመት እንደሚሻል አብረን እናያለን።