የሙያ ምክር፦ ሠዓሊ ነኝ፤ የአኒሜሽን ቅጥሩን ልቀበል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ዕድሜዬ 25 ነው። በቅብ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ስድስት ኪሎ አካባቢ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በተከራየናት ክፍል ውስጥ እሥላለሁ። ለሁለት የልጆች መጻሕፍት ሥዕል ሠርቻለሁ፤ አኒሜሽንም በራሴ ተምሬ አጫጭር ሥራዎች ጀምሬአለሁ። አሁን አንድ የማስታወቂያ ድርጅት በቋሚነት አኒሜተር አድርጎ ሊቀጥረኝ የውል ረቂቅ ሰጥቶኛል። አስተማሪዬ ‹አኒሜሽን ቅብሽን ይገድለዋል› አሉኝ። አጎቴ ደግሞ ‹ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት› እያሉ ይተርቱብኛል። ከቅብ፣ ከመጽሐፍ ሥዕልና ከአኒሜሽን ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አለብኝ? ለዚህ ሥራስ በእቁብ ብሬ ስክሪን ያለው ታብሌት ልግዛ?»

መልስ፦ ልጄ፣ ቅጥሩን ተቀበዪ። ውሉን ግን በተሰጠሽ መልኩ አትፈርሚ። ምክንያቴን ላስረዳሽ።

በመጀመሪያ የአጎትሽን ነገር። ተረቱን የተናገሩት ስለሚሳሱልሽ ነው፤ አልወቅሳቸውም። ነገር ግን እነዚያው አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል። የአዲስ አበባን የሥዕል ገበያ ለሚያውቅ ሰው ይህኛው ምክር ይበልጥ ይስማማል፤ በቅብ ሽያጭ ብቻ ወር በገባ ቁጥር የቤት ኪራይ የሚከፍል ወጣት ሠዓሊ እምብዛም አላጋጠመኝምና።

ደግሞስ ሦስቱ በእርግጥ ሦስት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው? አንድ ቀን ወደ ቸርችል ጎዳና ውረጂና ከባህል ዕቃ መደብሮቹ ወደ አንዱ ጎራ በዪ። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የያዘውን ሥዕል አሳዩኝ በዪ። ብዙ ጊዜ በ44 ትናንሽ ክፍሎች የተከፈለ ነው። ዓይንሽ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ ንግሥቲቱ መንገድ ትጀምራለች፣ ኢየሩሳሌም ትገባለች፣ ማዕድ ትቀርባለች፣ ሌሊት ውኃ ይጠማታል። ያንን የሠራው ሰው ቀለም ቀቢ ነው፤ ታሪክን በሥዕል ገላጭ ነው፤ ትዕይንቶቹን በቅደም ተከተል ሲደረድር የሠራው ሥራም ዛሬ አኒሜተሮች ስቶሪቦርድ የሚሉት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው ከጎን በአንድ ዓይኑ የሚሣለውንም አስቢው። ገጸ ባሕርይን በመልኩ ብቻ የማስታወቅ ጥበብ ነው፤ ውጭ አገር ሄደሽ የምትማሪው ነገር አይደለም።

የአፈወርቅ ተክሌን ሥራ እንዳየሽ እገምታለሁ። በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑት የመስታወት ሥዕሎች የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይተርካሉ። ሐረር ላይ ቆሞ የነበረው፣ በ2012 ዓ.ም. የፈረሰው የራስ መኮንን ሐውልትም የእርሳቸው ሥራ ነበር። ከስቱዲዮሽ በእግር የምትደርሺበት ሙዚየም ስሙን የያዘው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ሠዓሊ ብቻ አልነበረም፤ ግጥሙን አገር ያውቀዋል። እነዚህን የምጠቅስልሽ እንደ እነርሱ ትሆኛለሽ ለማለት አይደለም። ከአንድ ዘርፍ ወደ ሌላው የተሻገሩት የጠነከረ መሠረት ይዘው እንደነበር እንድታስተውዪ ነው። ያንቺ መሠረት ንድፍሽ ነው። የላክሽልኝን ሥራዎች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ ቅቦችሽ ገና መንገድ እየፈለጉ ናቸው፣ የእርሳስ ንድፎችሽ ግን ከወዲሁ ይናገራሉ። በተለይ እናትየዋ የልጅዋን ጫማ የምታስርበት ንድፍ።

ሥራው ከአንድ እጅ ቢወጣም ገበያው ሦስት ነው። ወጣቶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፤ የአንዱን ዋጋ፣ የአንዱን ጊዜና የአንዱን ውል ለሌላው ያውሉታል።

አኒሜሽን የሚለካው በሰከንድ ነው። አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ተከታትለው የሚታዩ 24 ምስሎች፣ አለው፤ በእጅ የሚሠራው ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያቆየው 12 ሥዕል ይፈልጋል። የ20 ሰከንድ ማስታወቂያ 240 ሥዕል ማለት ነው። አንዱ 15 ደቂቃ ቢወስድብሽ 60 ሰዓት ይሆናል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠሪ ሰባት ቀን ተኩል። ስቶሪቦርዱ፣ የጀርባ ሥዕሉ፣ ቀለሙና የደንበኛው «እስኪ ይህችን አስተካክዪልኝ» ገና አልተቆጠሩም። ቀጣሪሽ በሳምንት ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅብሽ ሳትጠይቂ ደመወዙ ብዙ ነው ወይም ትንሽ ነው ማለት አትችዪም። ጠይቂ። ለጥያቄው መልስ የሌለው አሠሪ ሌሊቱን እንደሚያሠራሽ ዕወቂ።

የመጽሐፍ ሥዕል ጠባዩ ሌላ ነው። አሳታሚ አንድን ቆንጆ ገጽ አይቶ አይቀጥርሽም፤ ያቺው ሕፃን በገጽ 3 እና በገጽ 29 ያቺው ሕፃን መሆኗን ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ለአሳታሚ የምታሳዪው የሥራ ናሙናዎችሽ ማኅደር አንዲት ገጸ ባሕርይ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ስትስቅና ስታኮርፍ የምትታይባቸው አምስት ወይም ስድስት ትዕይንቶች ይኑሩት። የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ማተሚያ ቤት ወረቀቱን በ16 ገጽ እያጠፈ ስለሚሠራ ነው፤ ይህን አውቀሽ ከጀመርሽ ደራሲው መጨረሻ ላይ «ሁለት ገጽ ጨምሪልኝ» ሲልሽ የምትመልሺው አታጪም። ፊትንም በገጾቹ መካከል ባለው እጥፋት ላይ አታሳርፊ። በኮምፒውተር ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ደግሞ በአራት ቀለም ሲታተም ይደበዝዛል፤ ከማተሚያ ቤቱ የናሙና ወረቀት ሳታዪ ሥራውን አታስረክቢ።

ቅብ የሚከፍለው ዘግይቶ ነው። ወፍራም የዘይት ቅብ እንኳ ቫርኒሽ (ቅቡን የሚጠብቅ የላይ ሽፋን) ለመቀባት ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠብቃል፤ ገዢም እንደዚያው ያስጠብቃል። ለጋለሪ የምታቀርቢው ከአንድ ሐሳብ የወጡ ከ10 እስከ 12 ሥራዎች ይሁኑ፤ መጠናቸው፣ የተሠሩበት ቀለምና ዓመታቸው ይጻፍ። የማስታወቂያ ሥራሽን እዚያ ውስጥ አትቀላቅዪ።

ወደ አስተማሪሽ ስጋት ልምጣ፤ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። አኒሜሽን ንጹሕና የተዘጋ መስመር ይወዳል፤ ያንኑ መስመር መቶ ጊዜ ያስደግምሻል። ቅብ ደግሞ የእጅን ማመንታት ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ አንዱን የሠራ እጅ ማታ ሌላውን እምቢ ይላል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ደክሞሽ ሸራ ፊት አትቁሚ። ቅዳሜን ሙሉ ቀንና በሳምንት ሁለት ማለዳዎችን ለቅብ ለዪ። ለሁለቱም የሚጠቅም ልምምድ ከፈለግሽ ደግሞ የንድፍ ደብተርሽን ይዘሽ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ አጠገብ ቁሚ። ከባድ ዘንቢል የያዘች ሴት ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ስታዛውር ትከሻዋ እንዴት እንደሚዘም ተመልከቺ፤ በአንድ ደቂቃ አሥፍሪው። ክብደት የሌለው አኒሜሽን ይንሳፈፋል፤ ክብደት የሌለው ቅብም ግድግዳ ላይ ይሞታል።

አሁን ውሉን እንይ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው ተቀጥረሽ ወይም ታዝዘሽ የሠራሽው ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ በውል ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር፣ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው። ይህ ለማስታወቂያው ሥራ ተገቢ ነው፤ ደመወዝ ተከፍሎሻልና። የላክሽልኝ ረቂቅ ግን «ሠራተኛዋ በቅጥር ዘመኗ የምትሠራቸው ማናቸውም የጥበብ ሥራዎች» ይላል። እዚህ ላይ ነው ልቤ የደነገጠው። በዚህ አነጋገር ቅዳሜ በራስሽ ክፍል፣ በራስሽ ቀለም የቀባሽው ሸራም የድርጅቱ ነው ብሎ ሊከራከርሽ የሚችል ሰው ይመጣል። ከዓመታት በፊት የመከርሁት አንድ ወጣት እንዲህ ያለ አንቀጽ ሳያነብ ፈርሞ፣ ለታናሽ እኅቱ ብሎ የፈጠራትን ገጸ ባሕርይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አያት። እርሱ ውል ፈርሞ ነበርና ምንም ማድረግ አልቻለም። አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

እንዲህ ተብሎ ይስተካከል ብለሽ ጠይቂ፦ «ሠራተኛዋ በድርጅቱ ትእዛዝና በሥራ ሰዓት የምትሠራቸው ሥራዎች።» ቅቦችሽና የመጽሐፍ ሥዕሎችሽ ያንቺ ሆነው እንደሚቀሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር። ለሕዝብ የቀረቡ ሥራዎችን በራስሽ ማኅደር ውስጥ የማሳየት ፈቃድም ይጻፍ፤ ያለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ስትወጪ ባዶ እጅሽን ትወጫለሽ። እነዚህን ስትጠይቂ አትፈሪ፣ ድምፅሽንም ከፍ አታድርጊ፤ በጽሑፍ አቅርቢላቸው። ቀና አሠሪ ይቀበላል። የመጀመሪያውን እምቢ ካሉሽ ግን ሥራውን ተዪው፤ ደመወዙ ቢያጓጓሽም።

ታብሌቱን አሁን አትግዢው። መቀጠርሽ ከሆነ መሣሪያውን ማቅረብ የድርጅቱ ግዴታ ይሁን፤ ይህም ውሉ ውስጥ ይግባ። ለቤት ሥራሽ ያለችሽ ትንሿ ታብሌት ትበቃለች፤ ክሪታም ብሌንደርም ያለ ክፍያ የሚገኙ የሥዕልና የአኒሜሽን ፕሮግራሞች ናቸው። የእቁቡን ብር ለስድስት ወር የክፍሏ ኪራይ ድርሻሽ አስቀምጪው። የተስተካከለውን ውል ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።