ሲ ፕላስ ፕላስ አልገባ አለኝ፤ ዲፓርትመንት ልቀይር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የፕሮግራሚንግ መግቢያ ኮርስ በሲ ፕላስ ፕላስ ጀምረናል። ያደግኩት ገጠር ነው፤ ኪቦርድ በወጉ የነካሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። የዶርም ጓደኞቼ ላፕቶፕ አላቸው፣ እኔ የለኝም። መምህሩ ሲያስረዳ የገባኝ ይመስለኛል። ላብ ስገባ ግን ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጬ እቀራለሁ። ዲፓርትመንት ልቀይር?

መልስ፦ እህቴ፣ ዲፓርትመንቱን ለጊዜው ተይው። ላፕቶፕ ያላቸውም ዶርም ውስጥ ምን እንደሚያዩበት አንቺም እኔም እናውቃለን።

እኔ ይህን ኮርስ ስወስድ አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ነበር የምንጋራው። ኪቦርዱን የሚይዘው ሁሌም ፈጣኑ ልጅ ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ «እህ፣ እሺ» እላለሁ። ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ላይ «ኮዱን በወረቀት ጻፉ» ሲባል ጉዴ ፈላ።

ከዚያ ወዲህ ኮዱን ደብተር ላይ እየገለበጥኩ ራሴ ኮምፒውተሩን መሆን ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ቫሪያብል (ዋጋ ለሚያዝበት ስም) አንድ ዓምድ አሰምራለሁ። መስመር በመስመር እወርዳለሁ። ዋጋው ሲቀየር የድሮውን ሰርዤ አዲሱን ከሥሩ እጽፋለሁ። ሉፕ (ተደጋግሞ የሚሠራ የኮድ ክፍል) የገባኝ እንዲህ ነው።

አንዱን አሁኑኑ ሞክሪ። የሦስት ፈተና ውጤት 7፣ 8 እና 8 ነው። ድምሩ 23፣ አማካዩ 7.67 ገደማ። ሁሉንም «ኢንት» (ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ዓይነት) ካልሻቸው ግን ሲ ፕላስ ፕላስ 7 ብሎሽ ቁጭ ይላል። ስህተት አለ ብሎም አይጮህም። ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ትርፍራፊውን ይጥለዋል። ውጤቱን «ደብል» (ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) ውስጥ ብታስቀምጪውም ለውጥ የለም፤ ማካፈሉ ቀድሞ አልቋል። ደብሉ እንዳለ ሆኖ በ3 ፋንታ በ3.0 አካፍይ። ይቺ ነገር ሙሉ ከሰዓቴን በልታብኛለች።

ሴሚኮለን (;) ስትረሺ ኮምፓይለሩ (ኮድሽን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ፕሮግራም) አንዳንዴ የሚጠቁምሽ ቀጣዩን መስመር ነው፤ እዚያ ስህተት ካጣሽ አንድ መስመር ከፍ ብለሽ ፈልጊ። ሃያ ስህተት ቢደረድርብሽም የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክለሽ እንደገና ራን አድርጊው። ብዙዎቹ አብረው ይጠፋሉ።

ስልክ ላይ የሚሠሩ ኮምፓይለሮችም አሉ፤ ጣት ያደክማሉ እንጂ ይሠራሉ። ላብ ስትገቡ ግን ኪቦርዱን አንቺ ያዢ። ፈጣኑ ጓደኛሽ ከአጠገብሽ ተቀምጦ ይናገር። ቀርፋፋ ብትሆኚ ይታገስሽ።

ሚድ ካለፈ በኋላ ጻፊልኝ። ያኔም ካላማረሽ ስለ ዲፓርትመንቱ እናወራለን።