ዋጋ ሰጥቼ ሻጩ ዝም አለኝ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ጅማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር 200 ካሬ ላይ ያለ ቤት አይተህ ወደድከው፣ 5 ሚሊዮን 200 ሺ ሲሉህ 4 ሚሊዮን 600 ሺ አልክ፣ "ተማክረን እንደውላለን" ካሉህ ስምንት ቀን ሆነው፣ ትላንት ማታ ደግሞ ደላላው ደውሎ ሌላ ገዢ መጥቷል 200 ሺ ጨምርና ነገ ቀብድ ጣል አለህ። ልጨምር ወይስ ልተወው ነው ያልከው።

አትጨምር። ግን አትተወው። ትንሽ ይረዝማል ግን ምክንያቱን ልንገርህ። እኔ ጅማ ውስጥ ሁለት ቤት ላይ ዋጋ ሰጥቼ ጠብቄያለሁ፣ አንዱን አጣሁ፣ አንዱ ውስጥ ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው። የሻጭ ዝምታ እኔ ባየሁት ብዙ ጊዜ የብር ጉዳይ አይደለም፣ እሺ ማለት ያለበት ሌላ ሰው ገና እሺ አላለም ማለት ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሳታውቅ ብር ብትጨምር ለማን እንደጨመርክ እንኳን አታውቅም።

የመጀመሪያው ቆጪ የሚባለው ሰፈር ነበር፣ 2010 ላይ። ሰውዬው 1 ሚሊዮን ተኩል አለ፣ እኔና ባለቤቴ 1 ሚሊዮን 300 ሺ አልን፣ "ላስብበት" ብሎ ሸኘን። በአራተኛው ቀን ደላላው ደወለ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አለ ብሩን በእጁ ይዞ ነው ሆቴል አርፏል ነገ ይመለሳል ምናምን፣ እኛም ደነገጥንና 80 ሺ ጨመርን። ዝም። ሌላ 50 ሺ ጨመርን። አሁን በጣም የሚያስቀኝ ሰውዬው ራሱ አንድም ቀን ጨምሩ አላለንም፣ እኛና ደላላው ነን እርስ በርስ ስንጫረት የነበርነው። የደላላ ኮሚሽን ደግሞ በፐርሰንት ነው አትርሳ፣ ዋጋው ሲወጣ የሱም ይወጣል። ሁሉም ደላላ ውሸታም ነው አልልም፣ አሁን ያለሁበትን ቤት ያገኘልኝም ደላላ ነው።

በመጨረሻ ሰውዬው እሺ አለና አንድ ካፌ ቁጭ ብለን 50 ሺ ቀብድ ሰጠነው፣ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ፣ ሁለት ምስክር ፈርመው። በሳምንቱ ሚስትየው መጣች። እኛ ሚስት መኖሯንም አናውቅ፣ ተኳርፈው እሷ እናቷ ጋ ነበረች ለካ፣ "ቤቱ የኔም ነው አልሸጥም" አለች። መብቷ ነው፣ በትዳር ውስጥ የተገኘ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ ያላገባ ነኝ የሚልም ቢሆን ላለማግባቱ ወረቀት ማምጣት አለበት። ቀብዱ በሶስት ጊዜ ተቆራርጦ በአምስት ወሩ ተመለሰ። ህጉን ካየኸው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢወጣ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ግን የቤት ሽያጭ ውል በጽሁፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ ፊት መደረግ አለበት፣ አንቀጽ 1723 ነው እሱ፣ የኛ የደብተር ወረቀት ደግሞ የት ይደርሳል፣ ክርክሩም ድካም ነው፣ ዋናውን ስናገኝ ተመስገን ብለን ተውነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው? አልነበረም። ደላላው ራሱ በዓመቱ ሰርግ ላይ አግኝቶኝ እየሳቀ ነገረኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ሁለተኛው አሁን ያለሁበት ነው፣ ወደ ጅሬን መውጫው ላይ። ባለቤቶቹ አንድ ሀጂና ሚስታቸው፣ ጭቃ ቤት ነው ግን ግቢው ሰፊ፣ ሁለት አቮካዶ፣ ጥግ ላይ ቡና፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ። 1 ሚሊዮን 300 ሺ አሉ፣ እኔ 1 ሚሊዮን 150 ሺ አልኩ። ሀጂ ጢማቸውን ዳበስ አድርገው "ኢንሻአላህ እንነጋገራለን" አሉኝ። እኔ ሞኙ ለባለቤቴ ደውዬ እሺ አሉ አልኳት። ይሄ 2011 ሚያዝያ መጨረሻ ነው፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው።

ከዛ ዝም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ስልኬን ሽንት ቤት ሁሉ ይዤ ነው የምገባው። ደላላው እንደልማዱ "ሌላ ሰው እያየው ነው" አለኝ፣ ያኔ ግን ቆጪ ስላቃጠለኝ "ይግዛው፣ መልካም እድል" አልኩት፣ ስለ ሌላው ሰውም ዳግም አልደወለም። ውስጤ ግን እየነደደ ነበር ልዋሽህ አልችልም።

አማቴ ናት ያዳነችኝ። "የሰው ቤት ዋጋ ተናግረህ እንደ አበዳሪ ስልክ ላይ ቆመህ ትጠብቃለህ እንዴ? ሂድና ጠይቃቸው፣ የቤቱን ነገር እንዳታነሳ" አለችኝ። አንድ ኪሎ ቴምር ገዝቼ ሊያፈጥሩ ሲሉ ሄድኩ። ዝናብ ነበር፣ የጅማ ዝናብ ታውቀዋለህ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለውን ሰው አትሰማም። ሀጂ ለሶላት ገባ ሲሉ እማማ ሾርባ እየቀዱልኝ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና፣ እየጮሁ ነው የሚያወሩት በዝናቡ ምክንያት፣ "ይሄን ቆርቆሮ ያለበሰችን ልጃችን ናት፣ ጅዳ ያለችው፣ አራት ዓመት ሰው ቤት ሰርታ" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። በቃ ገባኝ። ካርታው በሀጂ ስም ነው፣ በህግ የሳቸውና የሚስታቸው ፊርማ ይበቃል፣ ግን ልጅቷ ሳትሰማ ቤቱ አይሸጥም፣ ሀጂ ደግሞ ልጄን ላስፈቅድ ብለው ለኔ መናገር ከብዷቸው ነው ኢንሻአላህ ያሉኝ።

ሀጂ ሲመለሱ "አባባ ልጅዎ ምን ትላለች?" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና ሳቁ። ልጅቷ ያለችው ስለ ዋጋው አልነበረም። ክረምት ሊገባ ነው ሽማግሌ ወላጆቼን በዝናብ ኪራይ ቤት ለኪራይ ቤት አላንከራትትም፣ መስከረም ይጥባና ያኔ ይወጣሉ ነው ያለችው። ሀጂ ደግሞ ብር ከፍሎ ሶስት ወር ተኩል የሚጠብቅ ገዢ ከየት ይመጣል ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር። እኔ እጠብቃለሁ አልኩ። ኢድ ግንቦት 27 ዋለ፣ በሶስተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ፣ በ1 ሚሊዮን 150 ሺ ጨረስን። አንድ ብር አልጨመርኩም። የጨመርኩት ክረምቱን ነው።

ግን ሞኝ እንዳልሆን ከዋጋው 100 ሺውን ቁልፍ ስረከብ እከፍላለሁ ብዬ ውሉ ላይ አስገባሁ፣ እስከ መስከረም 10 ያለ ኪራይ ይቀመጣሉ፣ ካለፈ በወር ይህን ያህል ይከፍላሉ ተብሎ ተጻፈ። ሀጂ ትንሽ ቅር አላቸው፣ ሽማግሌዎቹ አስረዷቸው። መስከረም 8 ወጡ። አሁን አቮካዶ ሲደርስ በማዳበሪያ እልክላቸዋለሁ።

ወዳንተ ልመለስ። ሰውዬው አስር ጊዜ ተስማምተናል ቢልህ ውል ተጽፎ እስኪፈረም ለሌላ ሰው መሸጥ ይችላል፣ አንተም መተው ትችላለህ፣ ስለዚህ እንደ ተዋዋለ ሰው አትጨነቅ። የሰጠኸው ዋጋ ላይ ቀን አድርግበት፣ "4 ሚሊዮን 600 ያልኩት እስከሚመጣው እሁድ ነው" ብለህ ለሻጩ ራሱ ንገረው፣ በደላላ አይደለም። ቀን የሌለው ዋጋ ሌላውን ገዢ ማስፈራሪያ ነው የሚሆነው፣ 4 ሚሊዮን 600 ያለ ሰው አለኝ እያሉ ለሌላው ይሸጡበታል።

እስከ እሁድ ድረስ ዝም ብለህ አትቀመጥ። የካርታውን ኮፒ ጠይቅና ከሻጩ ጋር ማዘጋጃ ሄዳችሁ እዳና እግድ እንደሌለበት አጣሩ፣ ብቻህን ብትሄድ ላያሳዩህ ይችላሉ። ሻጭ አብሬህ አልሄድም ካለ እሱ ራሱ መልስ ነው። ሜትር ይዘህ ግቢውን ለካ፣ ካርታው 200 ብሎ አጥሩ 230 ቢይዝ ያቺ 30 ካሬ ወደፊት ከጎረቤት ጋር ወይ ከማዘጋጃ ጋር ታጣላሃለች። ዝናብ ሲዘንብ ሂድና እየው፣ በተለይ ወደ አዌቱ ወንዝ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ ከታች ጭቃ ቀለም ያለው መስመር ካየህ ውሃው እስከዛ ደርሶ ያውቃል ማለት ነው፣ አዲስ ቀለም ከታች ብቻ ተቀብቶ ካየህም ያው ነው። ጎረቤት ያለች ሱቅ ገብተህ ለስላሳ ጠጣ፣ የወራሽ ጸብ ካለ ባለሱቁ ያውቃል። የውርስ ቤት ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት፣ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ፣ ውጪ ያለ ካለ ውክልና፣ ውክልናው ላይ "መሸጥ" የሚል ቃል መኖሩን በአይንህ አንብብ፣ ማስተዳደር ብቻ ከሆነ አይሸጥበትም።

ውሉ እዚህ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚዘጋጀው፣ ማንበብ የማትችል ከሆነ የምታምነው ሰው ይዘህ ሂድ፣ የሻጭን ዘመድ አትመን። የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል ከአሁኑ ተነጋገሩ፣ እኔ ስገዛ የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነበር እኔ ከፈልኩ፣ የሻጩን ግብር ሀጂ ከፈሉ፣ ካልተነጋገራችሁ ግን መጨረሻ ላይ ሁሉም ወዳንተ ነው የሚያየው።

ደላላው ቀብድ ካለህ "ቀብድ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው በጽሁፍ ሲቀበሉ ነው የምሰጠው" በለው፣ ሌላ ነገር አትጨምር። እና "ተማክረን" ያሉህ ጊዜ ከማን ጋር እንደሚማከሩ ጠይቀሃል? ካርታው በማን ስም እንደሆነም አልጻፍክም፣ እነዚህን ሁለቱን መልስልኝና እናወራለን።